የውጭ ግድግዳ ቀለምና የክረምት ውሃ

የቤት የውጭ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በመልኩ ቢሆንም፣ ግድግዳውን የሚያቆየው ወይም የሚያፈርሰው ቀለሙ ከውሃ ጋር ያለው ጠባይ ነው። ይህ በተለይ በጭቃ ቤት፣ ማለትም በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተዋቅሮ በጭድ በተቦካ ጭቃ በተመረገ ቤት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ የመሬቱን እርጥበት ይስባል፣ በክረምት ዝናብ ይቀበላል፣ በበጋም የተቀበለውን በገጹ በኩል በትነት ይመልሳል። ይህ መውጫ ክፍት እስከሆነ ድረስ ግድግዳው እየረጠበ እየደረቀ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ መውጫው ሲዘጋ ግን ውሃው በውስጡ ይቀራል፣ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም የራሰውን እንጨት ተከትሎ ይገባል።

ኖራ ይህን መውጫ ሳይዘጋ ግድግዳን የሚያለብስ ጥንታዊ ቀለም ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ያልበረደ ኖራ የሚባለው ይሆናል፤ ያልበረደው ኖራ ውሃ ሲፈስበት በኃይል እየፈላ ወደ በረደ ኖራ ይለወጣል፤ የበረደው ኖራ ደግሞ በውሃ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲቀባ በእሳት ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር መልሶ እየሳበ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። በመሆኑም በኖራ የተቀባ ግድግዳ የለበሰው ስስ የድንጋይ ገጽ ነው፤ የገጹ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ተን ያሳልፋሉ። ከዚህ የተነሣ ሥራው ጥድፊያ አይወድም፤ ግድግዳው አስቀድሞ ውሃ ይረጫል፣ ኖራው እንደ ወተት እስኪቀጥን ይበጠበጣል፣ በአንድ ወፍራም ቅብ ፈንታ ብዙ ስስ ቅቦች በየተራ ይደረባሉ፣ የቀትር ፀሐይም ይሸሻል። ውሃው በችኮላ የተነነበት ኖራ ከአየር መሳብ ያለበትን ሳይስብ ዱቄት ሆኖ ይቀራልና፣ ኖራ ልብስ ያበላሻል የሚለው የተለመደ ስሞታ ከኖራው ይልቅ የቀቢውን ጥድፊያ የሚመለከት ነው። የኖራ ቀለም የግድ ነጭ ብቻ መሆን የለበትም፤ የብረት ኦክሳይድ ያለባቸው ቀይና ቢጫ አፈሮች ከኖራ ጋር ተስማምተው መልካቸውን ይዘው ይቆያሉ። እርጥብ ኖራ ቆዳንና በተለይ ዓይንን ክፉኛ ስለሚያቃጥል ግን ያለ ጓንትና መነጽር ሊነካ አይገባም።

ኖራን በሌላ ነገር መተካት የሚያስከትለውን መዘዝ ለማየት ጎንደርን ማስታወስ ይበቃል። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተጀመረውና እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን አንዳንድ ክፍሎቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ግንባታ በማይስማሙ ሲሚንቶና ኮንክሪት ተጠገኑ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥበቃ ወደ ኖራ መመለስ ነበረበት። በሐረርም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የተከበበው የጁገል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ነባር ቤቶችን በማይስማማ ልስን መለሰንና የእንጨት በሮችን በብረት መለወጥ ለከተማይቱ ነባርነት ሥጋት ተብለው ከተጠቀሱት መካከል ነበሩ። ሲሚንቶ ከድንጋይና ከጭቃ ይበልጥ ጠንካራ መሆኑ ብዙዎችን ያታልላል፤ ከሚለብሰው ግድግዳ ይልቅ የጠነከረ ልስን ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮት መንቀሳቀስ ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ዝናብም መመለሻ ያጣል።

በከተማ ጭቃ ቤቶች ላይ ዛሬ የሚታየው ልማድ ይህንኑ ስሕተት በቀለም ይደግመዋል። በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ከሙጫው የተነሣ ልጥፍ ሽፋን ይሠራል፤ የዘይት ቀለም ሽፋን ደግሞ ከዚህም የባሰ ተን ይከለክላል። ግድግዳው ከታች አንድ ሜትር ያህል፣ ዞኮሎ በሚባለው ክፍል፣ ጭቃ ሲረጭበት እንዲታጠብ ተብሎ በጥቁር ወይም በቡናማ የዘይት ቀለም መቀባቱ የተለመደ ነው፤ ውጤቱ ግን ከታሰበው ተቃራኒ ነው፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በዞኮሎው በኩል መውጣት ሲሳነው ከቀለሙ መስመር በላይ ይወጣና የግድግዳውን ወገብ ያረጥባል። ቀለሙ ሲያብጥና ሲላጥ ባለቤቱ የቀለሙን ፋብሪካ ይወቅሳል፣ ቀለሙ ግን ከኋላው ገፍቶ ለመጣ ውሃ ምንም ማድረግ አይችልም። በብሎኬት ተሠርተው በሲሚንቶ ለተለሰኑ ቤቶች ፕላስቲክ ቀለምም ኳርትዝ የሚባለው ቀለምም ተገቢ ናቸው፤ አዲስ የሲሚንቶ ልስን ግን አልካሊነቱ እስኪበርድ፣ ቢያንስ 28 ቀን ያህል፣ በተለይ ከዘይት ቀለም መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ አልካሊው የቀለሙን ዘይት ወደ ሳሙና ይለውጠዋል።

ጊዜን በተመለከተ ያለው ልማድ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። አብዛኛው ቤት የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜ ሲሆን፣ ይህ ወቅት የደጋው አገር ግድግዳ የሦስት ወር ዝናብ ጠጥቶ በዓመቱ ውስጥ ከምንጊዜውም በላይ የሚርስበት ነው። በዚህ ጊዜ የተቀባ ፕላስቲክ ቀለም የክረምቱን ውሃ ከነሙሉ መጠኑ ይዘጋዋል፤ ጥቅምትና ኅዳር ግን ዝናቡ ያለፈበት፣ ደረቅ ነፋስ የሚነፍስበት ጊዜ ስለሆነ ለውጭ ቀለም እጅግ ይሻላል። የበዓል ወግ በቀላሉ የሚለወጥ ባይሆንም፣ ለእንቁጣጣሽ ውስጡን፣ ለኅዳር ውጩን መቀባት ለቤቱም ለኪሱም ይጠቅማል።

በርና መስኮት፣ የበረንዳ ምሰሶና አጥር ሌላ ሕግ አላቸው፤ እንጨትን ከላይ ሆኖ የሚያጠቃው በዋናነት ፀሐይ ነው። አልትራ ቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በግምት 10 በመቶ ስለሚጨምር እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ጥርት ያለ ቫርኒሽ ጨረሩን ወደ እንጨቱ አሳልፎ ከሥሩ ያለውን ገጽ ያራግፍና ራሱ በቁርጥራጭ ይላጣል፤ ወደ እንጨቱ የሚሰርግ ማቅለሚያ፣ ማለትም ቀለም የተጨመረበት ስስ ዘይት፣ ጨረሩን ስለሚመክት፣ ሲያረጅም ሳይላጥ ስለሚደበዝዝ፣ ሳይፋቅ ሊታደስ ይችላል። ቋሚን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ርካሽ የምስጥ መከላከያ ተደርጎ ቢወሰድም፣ ዘይቱ አፈርንና የጉድጓድ ውሃን የሚበክል በመሆኑ ቢቀር ይሻላል።

የቀደመ ቀለም በመፋቅ ላይ ያለው አደጋ ከሁሉም በላይ ችላ ተብሏል። እርሳስ፣ የልጆችን የአእምሮ እድገት የሚጎዳ መርዛማ ብረት፣ ለረጅም ዘመን በተለይ በቢጫና በቀይ የዘይት ቀለሞች ውስጥ ይገባ ነበር፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ መጠኑን በ90 ፒፒኤም፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ግራም ቀለም በ90 ሚሊ ግራም ገድባለች፤ ደንቡ ግን በየበሩና በየመስኮቱ ከዚያ በፊት የተቀባውን አያነሣውም። ስለዚህ የድሮ የዘይት ቀለም የሚፍቅ ሰው ገጹን እያራሰ ይፋቅ፣ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍግ፣ የወደቀውን ፍርፋሪ በላስቲክ ሰብስቦ ያስወግድ፣ ሥራው እስኪያልቅም ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ከግቢው ያርቅ።