ፈቃድ ሳይጠይቁ መኖር

ሰውን የሚያስረው ገመድ ሁሉ በዓይን አይታይም። በተለይም «ስለምወድሽ ነው» በሚል ቃል የተገመደውን፥ የታሰረው ሰው ራሱ እንደ ጌጥ ሊቈጥረው ይችላል።

እኔ ይህን ገመድ ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ የታጨሁለት ሰው እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ነገር ግን ደመወዜ በየወሩ በእርሱ እጅ ይገባል፤ ለታክሲ የሚሆነኝን ቈጥሮ ይሰጠኛል። ጓደኞቼን «አይጠቅሙሽም» እያለ አንድ በአንድ አራቃቸው። የማታ ትምህርት ልመዝገብ ባልሁ ጊዜም አልከለከለኝም፤ ሦስት ቀን አኰረፈ እንጂ። በአራተኛው ቀን ሽቶ ይዞ መጣ፤ የተገዛውም በእኔው ገንዘብ ነበር። ኩርፊያና ስጦታ እንዲህ ሲፈራረቁ ልብ ይዝላል፤ ሰው የራሱን ሐሳብ ትቶ የሌላውን ፊት ሲያነብ ይውላል።

ነገሩን መመርመር የጀመርሁት ሕግ ባነበብሁ ጊዜ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ እያንዳንዳቸውም የሥራ ገቢያቸውን ራሳቸው ይቀበላሉ። እንግዲህ ለባል ያልተሰጠውን ሥልጣን እጮኛ ከወዴት አመጣው?

በዚያው ወር ደመወዜ በስሜ ባንክ እንዲገባ አደረግሁ፤ የመሥሪያ ቤቱንም ዕቁብ ገባሁ። ለማታ ትምህርት ተመዘገብሁ። ቀለበቱን በሽማግሌ እጅ መለስሁ። ከተራቀችው ጓደኛዬ ቤት ብሄድ፥ አንዳች ሳትጠይቀኝ ቡና አፈላችልኝ።

ሆኖም ነጻነት በአንድ ቀን አይለመድም። ጫማ ልገዛ ሱቅ ገብቼ «ምን ይለኝ ይሆን?» እያልሁ ብዙ ቆምሁ። የሚለኝ ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ቀዩን ገዛሁ። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ ከቀዩ ጫማ ወደ ሌላው ጉዳይ ተሻገርሁ።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፥ ወንድም ሁኑ ሴት፥ በፍቅር ስም ገንዘባችሁን፥ ወዳጆቻችሁንና ጊዜያችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር፥ አንድ ጊዜ በትሕትና «አይሆንም» በሉት። እውነተኛ ወዳጅ ቅር ቢለው እንኳ ቃላችሁን ያከብራል። የሚቈጣው ግን የሚወደው እናንተን ሳይሆን መታዘዛችሁን ነው።