የልጆች ሳንቲም

ስለ ገንዘብ ለልጆች ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ቁጠባ ነው። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ከመቈጠሩ በፊት የሚታይና የሚዳሰስ ነገር እንደ ሆነ፣ አንድ አገር የሚያከብረውንም ነገር በላዩ እንደሚቀርጽበት የሚያስረዳቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ እዚህ አሰላ የሰፈራችንን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰበሰብሁ ሳንቲም አሠራቸዋለሁ።

ሐሰተኛ ገንዘብ እንዳይመስልህ፣ አንባቢ ሆይ! ልጆቹ በአምስት በአምስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ለአምስቱም አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይሰጣቸዋል፤ በብርጭቆ አፍ ክብ ይሠሩና በውስጡ አንድ ሥዕል ብቻ ይሥላሉ፤ ኋላም በሸክላ ጭቃ ይቀርጹታል። እርሳሱ አንድ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አምስት እርሳስ ቢኖር አምስት ሥዕል ይሣላል፤ መነጋገርም አያስፈልግም። በየትምህርት ቤቱ የቡድን ሥራ የሚባለው፣ ጎበዙ ሲሠራ አራቱ ስማቸውን የሚያስጽፉበት ልማድ፣ ለእኔ ከስንፍና ትምህርት አይለይም።

አስቀድሜ ግን እውነተኛውን ሳንቲም አስጨብጣቸዋለሁ። 1969 የሚል ዓመት በግዕዝ ቁጥር የተቀረጸባቸው ሳንቲሞች በአንዱ ፊታቸው የአንበሳ ራስ አለባቸው። በሌላው ፊት፣ በአንድ ሳንቲሙ ላይ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ በአሥሩ ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘን ይታያል። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ መኖሪያውም በተለይ የአርሲና የባሌ ተራሮች ናቸው። ጭላሎን እያዩ የሚያድጉት ልጆች የጎረቤታቸው አውሬ በመንግሥት ገንዘብ ላይ መቀረጹን ሲሰሙ እጅግ ተደነቁ። አሥር ሳንቲም ዛሬ አንዲት ከረሜላ እንኳ አይገዛም፤ ሆኖም አንዱ ልጅ ለእናቴ ላሳያት ብሎ ለመነኝ።

አንድ ቀን በአንደኛው ቡድን ጠብ ተነሣ። ሦስቱ ወንዶች ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይቀረጽ አሉ፤ የአሰላ ልጅ ነውና ማን ይከለክላቸዋል? አንዲቱ ልጅ ደግሞ፣ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ ትሁን አለች። አምስተኛው፣ ከትምህርት በኋላ ቆሎ እያዞረ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ «ገብስ» አለ። ሳቁበት። እርሱ ግን «ሳንቲም የሚይዝ ሰው ሁሉ ሯጭ አይደለም፤ ገብስ ያልቀመሰ ግን እዚህ አለ?» ቢላቸው ሳቁ ቆመ።

እኔ አልፈረድሁም። መምህር ከፈረደ ልጆቹ የሚሠሩት የመምህሩን ሳንቲም ነው። ነገር ግን ስለ አክሱም ነገሥታት ጥቂት አጫወትኋቸው። እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገንዘብ ሲያሠራ፣ ራሱን በሁለት የእህል ዛላ መካከል አስቀረጸ። ዒዛናም ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ በጨረቃው ፈንታ መስቀል አደረገ። ከእርሱ በኋላ የንጉሡ ስም ያልተጻፈበት፣ «ንጉሥ» ብቻ የሚል የመዳብ ሳንቲም ወጣ፤ በጀርባውም በግሪክ ቋንቋ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል አለበት። ንጉሥ ስሙን ትቶ ሕዝቡን ደስ ይበለው ማለቱ እኔን ዘወትር ይገርመኛል።

ልጆቹ በመጀመሪያ ሁሉንም ሊያስታርቁ በገብስ መካከል የሚሮጥ ሰው ሣሉ። በጭቃ ሲቀረጽ ግን ሰውዬው እንደ ጉብታ ሆነ። ደንባችን ዓይንን ጨፍኖ በጣት መለየት ነው፤ ዓይነ ስውር ገንዘቡን የሚያውቀው በጣቱ ነውና። የሯጩን መልክ ማንም አላወቀውም፤ የገብሱን ዛላ ግን ሁሉም አወቁት። ከወንዶቹ አንዱ አኩርፎ ሄደ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሰ። ለደራርቱ የተከራከረችው ልጅ እጇ ከሁሉ የተባ ስለ ሆነ ገብሱን የቀረጸችው እርሷ ናት።

ከዚያም ዋጋው ስንት ይሁን የሚል አዲስ ክርክር ተጀመረ። አንዱ መቶ ብር፣ አንዱ ሺህ ብር አለ። ቆሎ ሻጩ ልጅ «ቁጥሩ በየዓመቱ ይለወጣል፤ አንድ ስኒ ቆሎ የሚገዛ ይሁን» አለ። ስለዚህ በጀርባው ቁጥር አልጻፉበትም፤ ስኒ ቀረጹበት።