አሮጌ አውቶሞቢል ስለ መግዛት

አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሚመረምረው ዕቃውን ብቻ ነው፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ከዕቃው ጋር የቀድሞውን ባለቤት ጠባይ አብሮ ይገዛል። አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ስለ ፍርድና ስለ ልብስ ቢሆንም፥ ቃሉ ከሁሉ ይልቅ በአውቶሞቢል ላይ የሚሠራ ይመስለኛል። ልብስ ሲቀደድ ለዓይን ይታያልና፤ የሞተር ጉዳት ግን በቀለም ሥር፥ በዘይት ውስጥ፥ አንዳንድ ጊዜም በሻጩ ዝምታ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል።

እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ይህን ነገር ከጣና ታንኳ ልንማረው እንችላለን። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገልም ውሃ ስለሚመጥ፥ ባለቤቱ ቀዝፎ በተመለሰ ጊዜ ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። ያላደረቀው እንደ ሆነ ይከብዳል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ይሁን እንጂ ቀዛፊው ታንኳውን ያሰረው ራሱ ወይም የሚያውቀው ጎረቤቱ ስለሆነ፥ የትኛው እስር እንደ ላላ አይጠፋውም። አውቶሞቢል ግን በሩቅ አገር ተሠርቶ፥ በማናውቃቸው ብዙ እጆች አልፎ የሚደርሰን ታንኳ ነው፤ ማን እንዳደረቀው፥ ማንስ እንዳበሰበሰው በፊቱ ላይ አልተጻፈም።

አውቶሞቢል በአገራችን ከታየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የምትባለውን መኪና ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ ነገሩ ለሕዝቡ እንግዳ ነበር። ዛሬ ለብዙ ቤተ ሰብ የሚያስፈልግ፥ ለጥቂቱ ብቻ የሚቻል ዕቃ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፥ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አስቀድሞ አገር ውስጥ የገባው መኪና፥ እያረጀ ሲሄድ ዋጋው የሚወደድ ሆነ። እንዲህ ባለው ገበያ ገዢው ይቸኩላል፤ ሻጩም ለመናገር አይቸኩልም።

እኔ መኪና ለመግዛት ያሰብኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር ለብስክሌትና ለባጃጅ የተመቸች ሜዳ ከተማ ስለሆነች፥ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከቤቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመመላለስ መኪና የግድ አያስፈልገውም። ነገር ግን እናቴ የምትኖረው በዘጌ ነው፤ በየወሩም ለሕክምና ወደ ከተማ መምጣት ነበረባት። ጉልበቷ ስለ ታመመ ከጀልባ መውጣትና መውረድ አቃታት፤ በተጨናነቀ መኪና ተጣጥፋ መጓዝም ሥቃይ ሆነባት። ኮንትራት የምንይዝበት ገንዘብ በማነሱ ሁለት ቀጠሮ አለፋት። ባለቤቴና እኔ በስድስት ዓመት እቁብ ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበረን፤ ይኸውም ለቤታችን ጣሪያና ለሦስቱ ልጆቻችን ትምህርት የታሰበ ነው። የማይረባ መኪና ብንገዛበት፥ ጣሪያውም ትምህርቱም የእናቴም መንገድ በአንድ ቀን መቅረቱ ነበር።

ሰፊ አውቶሞቢል ስለ ፈለግን ፔጆ 504 መረጥን። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ፥ እ.ኤ.አ. በ1975 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር ያሸነፈ ነው። ከመሬት ከፍ ያለና አካሄዱ ለስላሳ ስለሆነ በኮረኮንች መንገድ ይወደሳል፤ በኋላ ወንበሩም የታመመ እግር መዘርጋት ይቻላል።

መጀመሪያ አንድ ደላላ ያሳየን መኪና እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። አብሮኝ የሄደው መካኒክ ግን ለቀለሙ ግድ ሳይሰጠው እጁን በኮፈኑ ላይ አኖረ፤ ሞተሩ ሞቋል። ሞተር አስቀድሞ ሲሞቅ ጧት በብርድ የሚያሰማው ድምፅና የሚያወጣው ጭስ አይታወቅም። ማግኔት አውጥቶ በበሩ ላይ ቢያስጠጋ አልያዘም፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነበረና። ጥቂት ስንነዳውም ሰማያዊ ጭስ ተከተለን። መካኒኩ እንዳስረዳኝ፥ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፥ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን፥ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ያመለክታል። አመስግነን ሄድን።

ሁለተኛው የአንድ ጡረተኛ መምህር ነበር። ቀለሙ የደበዘዘ፥ ዋጋውም ከመጀመሪያው ከፍ ያለ ነው። ሰውየው ከሊብሬው ጋር አንድ ያረጀ የተማሪ ደብተር ሰጡን፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን፥ የፍሬን ሸራ የታደሰበት፥ ጎሚስታ ቤት የተኬደበት ሁሉ በረድፍ ተጽፎበታል። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፥ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ቁልቁለት ላይ ሦስተኛው ማርሽ ራሱን እየለቀቀ ይወጣል፤ በእጅህ ደግፈህ መያዝ አለብህ። ራዲያተሩም ሁለት ጊዜ ተበይዷል።»

«ጋሼ፥ ጉድለቱን እርስዎ ራስዎ ከነገሩኝ ዋጋውን ለምን አይቀንሱልኝም?» አልኳቸው።

«የነገርኩህን አስቀድሜ ቀንሼልሃለሁ፤ ያልነገሩህን ግን ኋላ አንተው ትከፍላለህ» ሲሉ መለሱ።

ባለቤቴ ደብተሩን ገጽ በገጽ ካገላበጠች በኋላ፥ «ማንም ሳያየው ይህን ሁሉ ዓመት ዘይት የቀየረበትን ቀን የጻፈ ሰው፥ ዛሬ በእኛ ላይ ማታለል አይጀምርም» አለች። በዚያው ቀብድ ሰጠን።

ስለ ቀብድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የደነገገው መልካም ነው፤ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፥ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሻጭም የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ስለ መሆኑ ለገዢው ኃላፊ እንደሆነ ይኸው ሕግ ያዛል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው። እናቴን ጭኖ መንገድ ላይ የቆመን መኪና፥ ከዓመት በኋላ የሚሰጥ ፍርድ አያስነሣውም። ከጉዳቱ በፊት የሚደርሰው የሻጩ እውነተኛ ቃል ብቻ ነው።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ከቀጠሮ አልቀረችም። ይሁን እንጂ ከ2016 ዓ.ም. ክልከላ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። አንድ ደላላ ከገዛንበት እጅግ የበለጠ ዋጋ አቀረበልን፤ «ስለ ማርሹ ዝም በል፤ የሚገዛው ሰው አዲስ አበባ ይወስደዋል፥ ከቶ አያገኝህም» ሲልም መከረኝ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ በዚያ ረጅም ቁልቁለት መኪናውን የሚይዘው ከፍሬኑ ይልቅ ማርሹ እንደሆነ የሄደበት ሁሉ ያውቃል። ጣሪያችን አሁንም አልታደሰም፤ ስለዚህ ገንዘቡ አላስፈለገኝም ብል አንባቢን መዋሸት ይሆንብኛል። እንዲህ ባለው ዝምታ ግን መሸጥ አልቻልኩም።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ አሮጌ ዕቃ ስንይዝ ለማናውቀው ሰው አደራ እንደ ያዝን ብንቆጥረው መልካም ነው። ከእኔ በኋላ ይህን አውቶሞቢል የሚነዳው ሰው ማን እንደሚሆን አላውቅም፤ እርሱም በኋላ ወንበር የሚያስቀምጣት እናት ትኖረው ይሆናል። የመምህሩ ደብተር ስለ ሞላ እኔ ሌላ ጀምሬአለሁ፤ የሦስተኛውም ማርሽ ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል።