ምን አለሽ ተራ፣ የመርፌ ነገርና ሁለት ሳጥን

መርካቶን የሚያውቅ ሰው «መርካቶ ነበርኩ» ብሎ አይተውም፤ ተራውን ይጠራል። ሸማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ሶማሌ ተራ፣ ቦምብ ተራ። እኔና የልጅ ልጄ በዚያ ቅዳሜ መጀመሪያ የወረድነው ምን አለሽ ተራ ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው መሬት ላይ የተዘረጋው ዕቃ ነው። በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ በርባሶ ይሆናል፣ ያረጀ ሽቦ ተፈትቶ በኪሎ ይሸጣል። መዶሻው ለአፍታ አያርፍም። በዚያ ሁሉ ቅጥቀጣ መሃል ጥሩ ድምፅ ፍለጋ መምጣት ያስቃል፤ ልጁም «እማማ፣ እዚህ ምን ሊሰማ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

የምንፈልገው ሁሉም ነገር በአንድ ሳጥን የታጨቀበት ማጫወቻ አልነበረም። ማጉያው ለብቻ፣ የካሴት ዴኩ ለብቻ፣ የሸክላ ማጫወቻው ለብቻ፣ ሁለቱ ስፒከሮችም ለብቻ ሆነው በሽቦ የሚገናኙትን ነው። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ታስታውሱታላችሁ፤ የደህና ሰው ሳሎን ውስጥ በመስታወት ቁም ሣጥን ተደርድሮ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ልጅ እንዳይነካው የሚጠበቀውን ዓይነት።

ምክንያቱ ባለቤቴ ነው። ግራ ጆሮው መስማት ካቆመ ዓመታት ሆኖታል፤ ቀኙም ከዕድሜ ጋር እየደከመ ነው። ጆሮ የደከመ ሰው ቀስ በቀስ ከሰው ይርቃል። ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ሲከፍት እሱ ወንበሩን ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ «ጫጫታችሁን አልቻልኩትም» ይላል። ልጆቹ ለበዓል መብራቱ የሚያብለጨልጭ ማጫወቻ ገዝተውለት ነበር። ድም ድሙ ግድግዳ ያናውጣል፤ ዘፋኙ የሚለው ግን አይለይም። ሦስት ቀን ሰማውና ተወው። እኔም ዳንቴል አለበስኩት።

በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም የሚጀምረው ከቀጭኑ ድምፅ ነው። ከበሮውና ቤዙ ደህና ይሰማሉ፤ ቀድመው የሚጠፉት ሰ፣ ሸ፣ ፈ እና ተ ናቸው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ደግሞ እነሱ ናቸው። አዛውንቶች «ድምፁ ይሰማኛል፣ ነገሩ ግን አይገባኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ቤዝ ማብዛት ወጥ የረገጠ እግር ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ነው፤ ጭቃውን ያበዛዋል እንጂ አያጠራውም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ለወላጆቻችሁ ማንኛውንም ማጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯቸውን ጤና ጣቢያ አሳዩ። ደነቆሩ የተባሉ ስንት ሽማግሌዎች የጆሮ ኩክ ደፍኗቸው ኖሮ በአንድ ቀን ሕክምና ሲሰሙ አይቻለሁ። በክብሪት እንጨትና በቁልፍ መኮርኮሩን ግን ተዉት።

ታዲያ ነጣጥሎ መግዛቱ ምን ይጠቅማል? የድሮ ማጉያዎች ፊታቸው ላይ ሁለት ነገር አላቸው። አንዱ «ባላንስ» የሚባለው፣ ድምፁን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ስፒከር የሚያዘነብለው ነው። ሌላው «ሞኖ» የሚል ቁልፍ ነው፤ የሁለቱን ወገን ድምፅ ቀላቅሎ በሁለቱም ሳጥን እኩል ያወጣል። ሁለት ጆሮ ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። በአንድ ጆሮ ለሚሰማ ግን፣ በደነቆረው በኩል ካለው ሳጥን የሚወጣው ቀጭን ድምፅ በራስ ቅሉ ተከልሎ ይደክምበታል። የዘፈኑ ግማሽ በዚያ በኩል ከተቀዳ ግማሹ ዘፈን ቀረበት ማለት ነው። በሚያብለጨልጨው ማጫወቻችን ላይ ሁለቱንም ቁልፎች ፈልጌ አጣኋቸው።

ጠዋት የተነሳነው ከፒያሳ ነበር። ባለቤቴ አርባ ሦስት ሸክላዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በወጣትነቱ እዚያው ፒያሳ የገዛቸው ባለ 45 ዙር ትንንሾች ናቸው። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህንን ደፍሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የራሱን ሸክላ ማውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ያሳተመውም አለማየሁ እሸቴን ነው። ከአብዮቱ በኋላ አምሃ ከአገር ወጣ፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። የልጅ ልጄ ይህን ስነግረው በዓይኑ ሱቁን ይፈልጋል። ፒያሳ አሁን የፈረሰው ፈርሶ፣ የተሠራው ተሠርቶ፣ እኔ ራሴ አቅጣጫ የምይዘው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ገበያውም ድሮ የነበረው እዚሁ አራዳ ነው፤ ወደ መርካቶ ያወረደው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ። ስሙንም ከራሱ ቋንቋ ሰጥቶት ሄደ። እኛም የገበያውን መንገድ ተከትለን ወረድን ማለት ነው።

ምን አለሽ ተራ ስፒከር አገኘን፤ ያለ ሽፋን፣ አቧራ የጠጣ፣ የእንጨቱ ሳጥን ግን ያልተሰነጠቀ። እዚህ ጋ ቸኩላችሁ ገንዘብ አታውጡ። የስፒከሩ ወረቀት ዳር ዳሩን የሚይዘው ቀለበት ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል፤ በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት። ብስኩት ከሆነ ተዉት። ከጎማ ወይም ከጨርቅ የተሠራው ይቆያል። የወረቀቱን መሃል በአራት ጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ስትገፉት ከሻከረ ውስጡ ተበልቷል። ኤሌክትሪክ በሌለበት መሞከሪያው ደግሞ አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ነው። ሁለት ሽቦ አስይዛችሁ የስፒከሩን መግቢያዎች ለቅጽበት ብቻ ንኩ፤ «ጧ» ብሎ ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ በሕይወት አለ። የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩን ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ በሁለቱም ሳጥኖች አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከገባ ሽቦው የሆነ ቦታ ተገልብጧል፤ ቤዙም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሻጩ እኔ ባትሪ ከቦርሳዬ ሳወጣ ሲያይ «ማዘር፣ መካኒክ ነሽ እንዴ?» አለ። ነርስ ነኝ አልኩት። ዋጋውን ትንሽ ዝቅ ያደረገው በዚህ ይሁን በሌላ፣ እንጃ።

ዋጋ አልጽፍም፤ ጋዜጣው እስኪታተም ይለወጣል። የምነግራችሁ አከፋፈሉን ነው፤ ከያዝነው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ለስፒከር መደብን፣ ቀሪውን ለማጉያና ለዴክ። የቤትን ድምፅ ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ስፒከሩ ነው።

ማጉያውን ያገኘነው ከአንዋር መስጊድ ወዲህ ባለ አንድ ጠባብ ሱቅ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበልን ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የተጻፈበትን ነበር። አራት በአራት ለሆነ ሳሎን ሃያና ሠላሳ እውነተኛ ዋት ይበቃል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ የሚመስል ድምፅ ለማግኘት አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ለሠርግ ሞንታርቦ የምታከራዩ ካልሆነ ቁጥሩን እለፉት። እኛ ያነሳነው ከመደርደሪያው በታች የነበረውን፣ ከባድና ያረጀ የጃፓን ማጉያ ነው። ባላንስም ሞኖም አለው። ከኋላው «ፎኖ» የሚል ቀዳዳም አለው፤ ሸክላ ያላችሁ ይህንን ልብ በሉ። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ኃይል ካሴት ዴክ ከሚሰጠው ወደ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ሸክላ ሲቀረጽም ቤዙ ተቀንሶ ቀጭኑ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ፎኖ የተባለው መግቢያ ሁለቱንም ያስተካክላል። እሱ በሌለበት ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል።

አሰክተን ሳንገዛ ግማሽ ሰዓት አጫወትነው። ጉዳዩ መስማት ብቻ አይደለም። ድምፁን የሚያበዛውና የሚቀንሰው ማዞሪያ ሲዞር ከተንኳኳ ቆሽሿል፤ ይጸዳል። ያለ ዘፈን «እምም» የሚል ካለ ግን መጠርጠር ነው። ከላይ በእጅ ስትነኩት ሙቀቱ የሚያስፈነጥር ከሆነ፣ የተቃጠለ ሽታም ካለው፣ ትቶ መውጣት ነው። አርባ ዓመት ሽታ እያሸተትኩ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አፍንጫዬን አምናለሁ።

የሸክላ ማጫወቻው ነገር ግን አልሆነም። አንድ የሚያምር፣ ክዳኑ እንኳ ያልተጫረ አሳዩን።

«ማዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ከዲሲ ነው የመጣው።»

«ከዲሲ ከመጣማ መብራቱም የዲሲ ነው፤ ገልብጠህ ጀርባውን አሳየኝ ልጄ።»

120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ሻጩ ወዲያው ትራንስፎርመር አወጣ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከእኛ 220 ያወርደዋል፤ ኸርዙን ግን አይለውጠውም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የሸክላ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የሚዞረው በመብራቱ ኸርዝ ልክ ስለሆነ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ ወደ 37 ተኩል ይወርዳል። የሴቷ ድምፅ ይጎረንናል፤ ፈጣኑ ዘፈን ለቅሶ ቤት ይገባል። ውጭ አገር ልጆች ያሏችሁ ይህንን ንገሯቸው። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ከአሜሪካ ከሆነ ቮልቱም ኸርዙም ይለያል፤ ከሳዑዲ የሚመጣው ደግሞ ኸርዙ 60 ነው። በባትሪ ዓይነት ኃይል የሚዞር ሞተር ያለው ከሆነ ግን ኸርዙ አያስጨንቅም፤ ቮልቱን ብቻ ማስተካከል ነው። ሻጩ ይህ የትኛው እንደሆነ አላወቀም፤ እኛም አልገዛነውም።

እዚያው ፎቅ ላይ ሬድዮ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ጋሼ፣ አሮጌ መርፌ ያለበት ብንገዛስ?» አልኳቸው። «ሸክላውን ከወደድሽው አሮጌ መርፌ አታስነኪው፤ አንድ ጊዜ ከፋቀው አይመለስም» አሉኝ። መርፌ የሙያዬ ነገር ነውና ክርክር አላስፈለገኝም። መጀመሪያ መለወጫ መርፌው መገኘቱን ጠይቆ ከዚያ ማጫወቻውን መግዛት። ፍራንክፈርት ላለችው የእህቴ ልጅ ጽፈንላታል፤ እስክትመጣ ሸክላዎቹ በልብሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ቆመው ያልኩት አስቤበት ነው፤ ተደራርበው ከተኙ ይጣመማሉ።

ማጉያውንና ዴኩን ኩሊ ተሸከመልን፤ ስፒከሮቹን ግን አንዱን እኔ አንዱን ልጁ ታቅፈን በታክሲ ወደ ጉለሌ ወጣን። ረዳቱ የሳጥኖቹንም ሒሳብ ተቀበለን።

ቤት ስንገባ ሳጥኖቹን መሬት ላይ አላስቀመጥናቸውም፤ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ልክ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅናቸው። ቀጭኑ ድምፅ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከጉልበት በታች ከተቀመጠ ለሶፋው ነው የሚዘፍነው። የባለቤቴን ወንበር ቀኝ ጆሮው ወደ ሳጥኖቹ እንዲዞር አዘነበልነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱ እንዲነቀል ለልጁ ኃላፊነት ተሰጠው፤ ዕቃ የሚጎዳው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። የድምፁ መጠንም ተወሰነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች 75 ይፈቅዳል፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የልጁ ስልክ በግምት ይለካዋል።

ካሴቱን የመረጠው ባለቤቴ ነው፤ ከመሳቢያው ሥር፣ በቴፕ የተጣበቀ፣ ስሙ በእስክሪብቶ የተጻፈበት። መጀመሪያ ሞኖውን ሳይጫን ሰማው። ፊቱ እንደ ወትሮው ነበር። ልጁ ቁልፉን ተጫነው። ባለቤቴ አንገቱን ቀና አደረገና ባላንሱን ራሱ ትንሽ አዞረው።

«ይህ ሳክስፎን ከየት መጣ?» አለ።

«ድሮም ነበረ» አልኩት።

ካሴቱን መልሶ አጠነጠነውና ከመጀመሪያው አስጀመረው።