የሰኔ ወንበር

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚያበቃ ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ የሚያሻው የዩኒቨርሲቲ መምህር የለም። ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ሲል የከረመው የግዥ ክፍል በግንቦት ማገባደጃ ከእንቅልፉ ይነቃል። እኔ በማስተምርበት ተቋም የኬሚስትሪ ባልደረቦቻችን በኅዳር ያቀረቡት የቤተ ሙከራ ኬሚካል ጥያቄ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ከርሞ፣ ሰኔ ላይ በጭነት መኪና የመጣልን የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ነበር። (ወንበሩ ምቹ መሆኑን አልክድም።) ተማሪዎቹ ግን ሙከራውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተምረው አለፉ።

ውድ አንባቢ፣ ምክንያቱ ስውር አይደለም። እስከ ሰኔ 30 ያልወጣ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ ገንዘብ የመለሰ ኃላፊም በቀጣዩ የበጀት ድርድር «ያለፈውን መቼ ጨረስህና?» መባልን ይፈራል። ኬሚካል ከውጭ ይመጣል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ወራት ይፈጃል። ወንበር በሳምንት ይገዛል።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት የተከታተለ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያስተውላል፤ ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈቀደላቸው በላይ በማውጣትም፣ የተፈቀደላቸውን ባለመጠቀምም ይወቀሳሉ። ያልተወራረደ ሒሳብና ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥም የዚያው ሪፖርት ቋሚ እንግዶች ናቸው። እጥረትና ብክነት በአንድ ግቢ አብረው ያድራሉ ማለት ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 22 ብር ይመደብ በነበረበት፣ ወደ 100 ብር ያደገውም በ2017 ዓ.ም. በሆነበት አገር፣ ይህን የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 ተቋማቱ ገንዘባቸውን በነጻነት የሚያስተዳድሩበትን በር ከፍቷል። በራስ ገዝነት አምናለሁ። ነገር ግን ገንዘቡን ራሱ የሚያዝ ተቋም ዝርዝሩን ለመምህራኑ ካላሳየ፣ የሰኔው ግርግር ወደ ሌላ ወር ከመዛወር በቀር ምን ይለወጣል?

ባለፈው ዓመት በአንድ ስብሰባ ላይ የየትምህርት ክፍሉ የግዥ ጥያቄና የተፈጸመው ግዥ ጎን ለጎን ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ወረቀቱ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። «የፋይናንስ ጉዳይ ምስጢር ነው» ተባልሁ። ምክር ቤት ፊት በይፋ የሚነበብ ሒሳብ ለእኛ እንዴት ምስጢር እንደሚሆን ግን ማንም አላስረዳኝም።