ሰው አገር የሚዞር ቀበቶ

በ2016 መጨረሻ ላይ የዓለም የከባድ ሚዛን የሬስሊንግ ሻምፒዮን የነበረው ሰው አስተማሪ ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቲም ስቶርም ይባላል። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ነበር፤ ከትንንሽ አዳራሾች ውጪ ስሙን የሚያውቅም ብዙ አልነበረም። ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋት የነበረችው ቀበቶ ግን ሬስሊንግ ለሚወድ ሰው እንግዳ አይደለችም። መሀሏ ላይ የዓለም ሉል እንደ ጉልላት ወጣ ብሎ ይታያል። ቅርጿ ከ1973 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ፈረንጆቹ «አሥር ፓውንድ ወርቅ» ይሏታል፤ በእኛ ሚዛን አራት ኪሎ ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ሃርሊ ሬስ፣ ጃክ ብሪስኮ፣ ቴሪ ፈንክ፣ ሪክ ፍሌር የታጠቁት የኤን ደብሊው ኤ ማዕረግ ነው።

«ይሄ ማዕረግ ዛሬ ምን ይሠራል?» ብለው የሚጠይቁኝ ሬስሊንግ ወዳድ ጓደኞች አሉኝ። ደብሊው ደብሊው ኢ ስታዲየም ይሞላል፣ ኤ ኢ ደብሊው በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ታዲያ የድሮ ሰዎች ቀበቶ ለምን ይነሳል? ነው ጥያቄያቸው። በአንድ ቃል የምመልሰው አይደለምና ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

እኔ ሬስሊንግ የለመድኩት ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነው። ታላቅ ወንድሜ አንድ ቀን አብሮኝ አየና «ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ከወሰኑ ቀበቶው የምን ቀበቶ ነው?» አለኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም፤ ተናደድኩ እንጂ። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ የዚህን ማዕረግ ታሪክ ሳነብ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ የሚወሰን ከሆነ ቀበቶ መስጠት አደራ መስጠት ነው ማለት ነው። አደራ ደግሞ ለማንም አይሰጥም።

በ1948 በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ውስጥ ዋተርሉ የምትባል ከተማ ላይ ጥቂት የሬስሊንግ አዘጋጆች ተሰበሰቡ። በዚያ ዘመን ስፖርቱ የአንድ ድርጅት አልነበረም። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ አዘጋጅ ነበረው፤ አዳራሹም ተመልካቹም የእሱ ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቹ የየራሳቸው «የዓለም ሻምፒዮን» ነበራቸው። የዓለም ሻምፒዮን በየከተማው ሲበዛ ማን ያምናል? ስለዚህ ኤን ደብሊው ኤ የተባለውን ማኅበር አቋቁመው እንዲህ ተባባሉ፦ አንተ በእኔ ክልል አትግባ፣ እኔም በአንተ አልገባም፤ ሻምፒዮኑ ግን የሁላችን ይሁን፣ በየተራ ይምጣልን።

ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። እቁብ ነው! ዳኛም ነበረው፤ የሴንት ሉዊሱ ሳም ማሽኒክ ለብዙ ዓመታት ፕሬዚዳንት ሆኖ የሻምፒዮኑን የጉዞ ቀጠሮ ያወጣ ነበር። ተራ አለ፦ በዚህ ሳምንት ታምፓ ከሆነ በሚቀጥለው ቶሮንቶ፣ ከዚያ ሂዩስተን፣ ከዚያ ቶኪዮ። ዋስም አለ፤ ሻምፒዮኑ ቀበቶውን ሲረከብ ገንዘብ ያስይዛል፤ በሪክ ፍሌር ጊዜ 25,000 ዶላር ነበር። የተጣራ እቁብ ነበር እያልኩ አይደለም። አባል ያልሆነውን አዘጋጅ ሥራ ያሳጡት ነበር፤ በዚህም ምክንያት በ1956 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከሷቸው በፍርድ ቤት ስምምነት እጃቸውን እንዲሰበስቡ ተገድደዋል። ያ ጥፋት አይሸፈንም። ይሁን እንጂ ከአዘጋጆቹ ስምምነት መሀል አንድ ድንቅ ነገር ወጣ፤ የሻምፒዮኑ ሥራ።

ሥራውን ለማን ሰጡት? ከ1949 መጨረሻ እስከ 1956 ማዕረጉን የያዘው ሉ ቴዝ ነው፤ የጫማ ሠሪ ልጅ፣ ሴንት ሉዊስ ያደገ፣ ትግልን ከምሩ የሚያውቅ። ውጤቱ በንግግር የሚያልቅ ከሆነ እውነተኛ ታጋይ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም አንድ ቀን አንድ ሰው ቃሉን ሊያጥፍ ይችላል። በራሱ ከተማ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት «ዛሬስ ከምሬ ጥዬው ቀበቶውን እወስዳለሁ» የሚል አይጠፋም። ያን ጊዜ ሻምፒዮኑ የሰውየውን እጅ ጠምዝዞ ስምምነቱን ማስከበር መቻል አለበት። ቴዝ ያንን ይችል ነበር። ይህን ሳነብ ነው ለወንድሜ መልስ ያገኘሁት።

ቀጥሎ ያለው ለእኔ የነገሩ ልብ ነው። ሻምፒዮኑ ወደ ሰው ከተማ ይሄዳል። እዚያ ከተማ የሚወደድ ጀግና አለ፤ ሕዝቡ በየሳምንቱ ያየዋል፣ ገበያ ላይ ያገኘዋል። የሻምፒዮኑ ሥራ ያንን ሰው ማዋረድ አይደለም። «የእኛ ልጅ እኮ የዓለሙን ሻምፒዮን ሊጥለው ምንም አልቀረውም» አስብሎ፣ ቀበቶውን ሳያስነካ መሄድ ነው። ስድሳ ደቂቃ ታግለው በአቻ ይለያያሉ። ወይም ዳኛው ሳያይ አንዲት ተንኮል ተሠርታ ሻምፒዮኑ ያመልጣል። በማግስቱ እሱ ሌላ ከተማ ነው። የዚያ ከተማ ልጅ ግን ከትናንት ይልቅ ተልቋል፤ አዳራሹ ለወራት ይሞላለታል።

ሪክ ፍሌር ይህን እንዴት ይሠራው እንደነበር የድሮ ቪዲዮ ከፍታችሁ እዩ። ያጌጠ ካባ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ እየተጎማለለ ይገባል። ከዚያ የአካባቢው ልጅ ሲያመርር ሁለት እጁን ዘርግቶ እየለመነ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የማዕዘኑ ገመድ ላይ ይወጣል፤ ይያዛል፤ ከላይ ተወርውሮ በጀርባው ይወድቃል። በዚያ መንገድ ሲወረወር ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥር የለኝም። ደረቱ ላይ ሲመታ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመድና በግንባሩ ይደፋል። የዓለም ሻምፒዮን ነው እኮ! ራሱን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ከፍ የሚያደርግ ሻምፒዮን። የዛሬ ሻምፒዮኖች ላይ ይህንን ስፈልግ ብዙ ጊዜ አጣዋለሁ።

ማዕረጉ ከሻምፒዮንነትም በላይ የሆነበት ቀን አለ። ፌብሩዋሪ 1984 ላይ ዴቪድ ቮን ኤሪክ የተባለ የቴክሳስ ወጣት ቶኪዮ ውስጥ ሞተ። ማዕረጉ ለእሱ ታስቦ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በሜይ 6 ቤተሰቡ መታሰቢያውን በቴክሳስ ስታዲየም አዘጋጀ፤ ከ30,000 በላይ ሰው ወጣ። ወንድሙ ኬሪ ከፍሌር ጋር ገጠመ። መጨረሻው ላይ ጀርባ ለጀርባ ሆነው እጅ ለእጅ ተቆላልፈው ሲተጋገሉ ኬሪ ጎትቶ በትከሻው ጣለው፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ። ስታዲየሙ ፈነዳ። ሐዘን ላይ የነበረ ሕዝብ በአንዲት ቀበቶ የሟቹን ስም ከፍ አድርጎ ጠራ። ኬሪ የቆየው 18 ቀን ብቻ ነው፤ ጃፓን ዮኮሱካ ላይ ለፍሌር መለሰ። እሱ ራሱ በ1993 በራሱ እጅ ሕይወቱን አጠፋ። በ2023 የወጣው «ዘ አይረን ክሎው» የተባለው ፊልም ይህንን የቤተሰብ መከራ ስለተረከ፣ ሬስሊንግ አይተው የማያውቁ ወጣቶች ሳይቀሩ ያቺን ቀበቶ አውቀዋታል። ፊልሙን ያያችሁ ካላችሁ ኬሪ ቀበቶዋን ከያዘ በኋላ ያለውን ብቸኝነት ታስታውሳላችሁ።

እቁቡ እንዴት ፈረሰ? ቪንስ ማክማሆን ልጁ በ1982 የአባቱን ድርጅት (የዛሬውን ደብሊው ደብሊው ኢ) ገዛና «አንተ በእኔ አትግባ» የሚለውን ስምምነት ጣሰ። በኬብል ቴሌቪዥን በሁሉም ቤት ገባ። ትንንሾቹ አዘጋጆች አንድ በአንድ ተዘጉ። ማዕረጉ በካሮላይናው ጂም ክሮኬት እጅ ተሰበሰበ፤ የእሱ ድርጅት በ1988 ለቴሌቪዥን ባለሀብቱ ቴድ ተርነር ተሸጠ። አባላቱ ካለቁ በኋላ ተራ የሚጠብቅ የለም፤ እቁቡ ስሙ ብቻ ቀረ። በ1991 ፍሌር ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ሲወጣ ያስያዘው ገንዘብ ስላልተመለሰለት በዚያን ጊዜ ይታጠቀው የነበረውን ትልቁን ወርቃማ ቀበቶ ይዞ ሄደና በተቀናቃኙ የማክማሆን ድርጅት ቴሌቪዥን ላይ አሳየው። ዋስትናው እንኳን ያልተከበረበት ዘመን ነበር።

ከሁሉም የሚያመኝ ግን ኦገስት 27፣ 1994 ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ቢንጎ በሚጫወቱበት አዳራሽ፣ ሼን ዳግላስ የተባለ ተፋላሚ በውድድር ማዕረጉን አሸነፈ። ማይክራፎን ይዞ የቀደሙትን ሻምፒዮኖች በስም ጠራ። የሚያከብራቸው መስሎ ነበር። ከዚያ ቀበቶውን መሬት ላይ ወረወረው። የሞተ ድርጅት ማዕረግ አልፈልግም አለ። ከዚያች ሌሊት ሌላ የሬስሊንግ ዘመን ተወለደ፤ ኢ ሲ ደብሊው የተባለው ድርጅት ዘመን። ጥሩ ነገር አልወጣበትም አልልም፤ ግን የቀደሙትን ስም ጠርቶ መጣል ምን ያህል ከባድ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ዳን ሰቨርን የተባለ ሰው ከ1995 እስከ 1999 ይዞት ቆየ፤ ዩ ኤፍ ሲ ላይ ከምሩ የሚፋለም፣ ያንን ቀበቶ ይዞ ወደ ሪንግ የሚመጣ ሰው። እንደ ቴዝ ማዕረጉን በእጁ ማስከበር የሚችል ነበር። የሚገርመው በ2024 ኦገስት 31 የማዕረጉ ትልቁ ግጥሚያ የተደረገው እዚያው ፊላደልፊያ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ቀበቶዋ ከተጣለች ከሠላሳ ዓመት ከአራት ቀን በኋላ ቶም ላቲመር ታግሎ ወሰዳት።

በ2017 የሮክ ባንዱ የስማሺንግ ፓምፕኪንስ ድምፃዊ ቢሊ ኮርገን የኤን ደብሊው ኤ ድርጅትን ገዛ። የገዛው ምን እንደሆነ አስቡት፤ አዳራሽ የለም፣ ተፋላሚ የለም፣ የቴሌቪዥን ውል የለም። ስም፣ ቀበቶ እና አስተማሪው ቲም ስቶርም። ጎበዝ ሥራ የሠራው ያኔ ነው። የስቶርምን ሕይወት አጫጭር ቪዲዮ እያደረገ በዩቲዩብ ለቀቀ። ሰውየው ስለ እናቱ ሲናገር፣ ቀበቶዋን ሲያይ ዓይኑ ሲርስ አየን። ፍሌር ካባ ለብሶ ካሳመነን ባልተናነሰ አሳመነን። በዓመቱ መጨረሻ ኒክ አልዲስ የተባለ እንግሊዛዊ አሸነፈውና እንደ ድሮው ዞረ፤ የሰው አዳራሽ፣ የሰው ሕዝብ፣ ከአሜሪካ ውጪም ጭምር።

ሴፕቴምበር 1፣ 2018 ደግሞ ቺካጎ አጠገብ «ኦል ኢን» የተባለ የሬስሊንግ ዝግጅት ተካሄደ። ተፋላሚዎቹ ኮዲ ሮድስና ያንግ በክስ በራሳቸው ገንዘብ ያዘጋጁት ነው፤ ከ10,000 በላይ ትኬት በግማሽ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ከትልቁ ድርጅት ውጪ እንዲህ ያለ አዳራሽ መሙላት አይቻልም ተብሎ ነበር። ኮዲ በዚያች ሌሊት የተፋለመው ለየትኛው ማዕረግ ነው? አባቱ ዳስቲ ሮድስ ሦስት ጊዜ ለያዘው። ዳስቲ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር። ኮዲ አልዲስን ጣለው፤ አባትና ልጅ ማዕረጉን ሲይዙ የመጀመሪያው ነበር። ከወራት በኋላ ኤ ኢ ደብሊው ተመሠረተ። ሰዎች የኮዲን ታሪክ የሚተርኩት በ2024 በደብሊው ደብሊው ኢ ሬስልማኒያ ላይ ካሸነፈበት ቀን ነው። እኔ ግን የአባቱን ማዕረግ የያዘባትን የ2018ቷን ሌሊት አስበልጣለሁ።

ወደ ጓደኞቼ ጥያቄ ልመለስ። የትልልቆቹ ድርጅቶች ቀበቶዎች ውብ ናቸው፤ ግን ሁሉም ከተማ የራሳቸው ስለሆነ ሰው አገር መሄድ አይችሉም። ዛሬ በየስፖርት አዳራሹ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ሰው ሰብስበው የሚታገሉ ትንንሽ ድርጅቶች በየቦታው አሉ። ለእነሱ ከተማ የዓለም ሻምፒዮን መጥቶ፣ ከእነሱ ልጅ ጋር ስድሳ ደቂቃ ታግሎ፣ ልጁን ከፍ አድርጎት ቢሄድ ምን ያህል ነገር ይለወጣል! ያንን ለማድረግ የተሠራ ማዕረግ ይሄ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ኤን ደብሊው ኤ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ትልቆቹ ለመምሰል ሲሞክር የማዝነው። በዚያ መንገድ አንደኛ አይሆንም። ከዞረ ግን የሚተካው የለም።

አልዲስ ማዕረጉን መልሶ ወስዶ 1,043 ቀን ያዘው። ያጣበት ቀን ኦገስት 29፣ 2021 ነው፤ ቦታው ሴንት ሉዊስ፣ ቼዝ ሆቴል። ከ1959 ጀምሮ የሳም ማሽኒክ ሬስሊንግ ለቴሌቪዥን የተቀረጸበት ያው አዳራሽ ነው። ተጋጣሚው ትሬቨር መርዶክ የሚዙሪ ልጅ ነው፤ ከተሸነፈ ሬስሊንግ ሊተው ቃል ገብቶ ገባ። ያሠለጠነው ደግሞ ያንን ቀበቶ ደጋግሞ የታጠቀው የሚዙሪው ሃርሊ ሬስ ነው፤ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዳኛው ሦስት ሲቆጥር ሰዉ ከወንበሩ ተነሳ። መርዶክ ወፍራም እጁን ሉሉ ላይ አድርጎ፣ ቀበቶዋን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ።