ሽቦውን ማን ይዘርጋው?

በእኛ አገር፣ በሐይቅና በአምባሰል፣ ሽማግሌ ስለ አውሮፕላን ሲያወራ ብዙ ጊዜ ከቦምብ ይጀምራል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልቲቱ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያን ወስዶ በአየር ኃይሉ ሙዚየም አቆማት፤ ታድሳ ለኢትዮጵያ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ጋር በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌ እዚሁ አምባሰል ናትና፣ መመለሷ ለእኛ የሩቅ ዜና አልነበረም።

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ስለ ታደሰ አውሮፕላን በሰማሁ ቁጥር ከቀለሙ በፊት የማስበው ሽቦውን ነው። የድሮ ሽቦ በጎማ ተሸፍኖ በላዩ ላይ የጥጥ ክር የተሸረበበት ነው። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይረግፋል። የነዳጅ ቧንቧ አጠገብ ከተራቆተ መዳብ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ለቃጠሎ ትበቃለች። ካንዴላው እሳቱን ከማግኔቶ ስለሚያገኝ ሞተሩ ያለ ባትሪም ይሠራል፤ እኔን የሚያሰጋኝ የመብራቱ፣ የሬዲዮውና የጀነሬተሩ መስመር ነው።

ጥሩ ባለሙያ አንድም ሽቦ ከመቁረጡ በፊት መስመሩን ይሥላል፦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ስንት አምፔር እንደሚሸከም። በየጫፉ ቁጥር ያስራል። አዲሱ ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ሙቀት የሚችል ሽፋን የለበሰ መሆን አለበት። ጫፉ በሊድ አይበየድም፤ ለዚሁ በተሠራ ፒንሳ ተርሚናሉ ውስጥ ይጨመቃል። ሊድ የጠጣ ክር ይደርቃልና፣ ንዝረቱ ሊዱ ካበቃበት ላይ ይቆርጠዋል። ብሬከሩ ደግሞ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው፤ ሽቦው እንዳይቃጠል የሚጠብቀው እሱ ነውና። ሽቦው ከአካሉ ብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ መጽዳት አለበት። ይህችን የመጨረሻዋን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አምፖል ይቀይራል።

ለፀሐይ ግን ይህን ሁሉ አልመኝም። አንዲት ብቻ ናት። ውስጧ ከተሠራችበት ጊዜ የቀረ ነገር ካለ፣ ለመብረር ተብሎ መነቀል የለበትም። ባለችበት ትጠበቅ።

መብረር ያለበት ዲሲ 3 የሚባለው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ዘር፣ በሲ 47 ነው። በሌላው ዓለም ሽቦአቸው ተቀይሮ ዛሬም የሚበሩ አሉ። እኛም አንዱን አንሥተን፣ መስመሩን ከአፍንጫ እስከ ጅራት በራሳችን ልጆች እጅ ብንዘረጋው ለትምህርት ቤት የሚበቃ ሥራ ነው።

በዲሲ 3 ላይ የሠራችሁ አባቶች፣ የመስመሩ ሥዕል በእጃችሁ ካለ ሳጥን ውስጥ አታስቀሩት። ኮምቦልቻ ላይ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤሌክትሪክ የምትማሩ ልጆች፣ እነዚህን አባቶች ፈልጓቸው፤ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚነግሯችሁን ጻፉ፣ መስመሩንም አብራችሁ ሣሉ።